ጅራቱን ሳታይ

መስከረም ሊያልቅ ነው። ከኮቼቪዬ በላይ
መኪናዋ ቆመች፣ ጭቃው ዳገት ላይ።
ዝዴንካ ወረደች በዱላ ተደግፋ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጫካ ውስጥ አሳልፋ።
የቦሽትያን አክስት ናት፣ መጋዝ ላይ አብሮኝ የሚሠራ፤
«ዓይንህ ጥሩ ነው» ብሎ ነው የላከኝ ለዚህ ሥራ።
የእጅ ባትሪዬን በቀይ ጨርቅ ሸፈነች፣
«ነጩ ያስደነግጣል፣ ሌሊት ቤታቸው ነው» አለች፤
መዝገቡን፣ እርሳሱን አስጨበጠችኝና
ቀድማ ገባች ጫካው፣ ጆሮዋ ሆኖ ፋና።

ሥራችን ቆጠራ ነው።
ቡክቫ የሚሉት ዛፍ ዘንድሮ ፍሬው በዝቷል፣
ፍሬው በበዛ ዓመት ቅርንጫፉ በነዋሪ ተሞልቷል።
ሦስት ዘር አሉ አለች፤ ለሦስቱም በእኔ ቋንቋ
በልካቸው የተሰፋ ስም የለም።
«አይጥ» ብላቸው ስድብ ነው፣ «ሽኮኮ» ብል ሐሰት፤
ስም ሳልይዝ ገባሁ፣ ስም በሚጻፍበት ሌሊት።

ከዳገቱ ወገብ ላይ ቆም ብላ ነገረችኝ፣
ጫማ እንደሚያስር ሰው፣ እንደ ተራ ነገር፦
«ግራዬን ሞራ ጋርዶታል፣
ቀኜም በቀን እንጂ ማታ ሥራ አቁሟል።
አንተ ዓይን ሁነኝ፤ ስሙ ከእኔ ይምጣ።»

ያኔ ከላይ ተሰማ
ዘይት ያጣ ማጠፊያ፣ ያረጀ በር ጩኸት።
«በስተቀኝ ነው፣ ግንዱ ሁለት በሆነበት።»
ቀዩን ብርሃን ላክሁ፤ ሁለት ፍም መለሰልኝ።
«ፖልህ!» ብዬ ጮህኩኝ፣
ባለ አራት እግሩን ሁሉ «ውሻ» እንደሚል ሕፃን፣
አንድ ቃል ስለማውቅ፣ እሷው እንዳትባክን።

«ጅራቱን አይተሃል?»
«አላየሁም።»
«እንግዲያው ስሙን አትጥራ።
ዓይን ማንም ዘንድ ያበራል፤ የእኔም ነበር የሚያበራ።
ጅራት ነው የማይዋሽ።»

ጠበቅሁ። አንገቴ ዛለ። ቅጠሉ ዞር አለና
ብቅ አለ ግራጫው፣ ጅራቱን ጠቀለለና።
ግን በምን ቃል ልንገራት?
የእኔ ስሎቬንኛ ከእንጨት ፋብሪካ የተለቀመ፣
«አንሳ»፣ «ግፋ»፣ «ፈረቃ»፤
ለጅራት የሚሆን ቃል የለውም።
«ጭራ!» አልኳት በአማርኛ፣
ዝንብ እንደሚያባርር ሽማግሌ
እጄን አየር ላይ አወዛወዝኩ፣ ለማታይ ሴት።
ኋላ አፈርኩና
የሻርፔን ዘርፍ ፈትቼ መዳፏ ላይ ጎተትኩት፣
ይህን ያህል ወፍራም፣ እንዲህ ለስላሳ፣ እስከ ጫፉ እኩል።
«አሁን ጻፍ» አለች። «ፖልህ። አንድ።»

እስከ እኩለ ሌሊት አሥራ አንድ ሆኑ።
አሥራ ሁለተኛው ዝምተኛ ነበር፣ አነስ ያለ፣
ከግንዱ ስንጥቅ ፊቱን ብቻ ያሳየ።
ፊቱ ላይ ጥቁር መስመር። ኩል ነው! የምር ኩል፣
ለሠርግ የተኳለ፣
እጇ የተንቀጠቀጠ ኳይ እስከ ጆሮ የሳበችው።
ይቅርታ ጠይቄ ጣቴን ከአፍንጫዋ ጎን አስነሣሁ፣
በዓይኗ ላይ፣ በሞራው ላይ አልፌ
እስከ ጆሮዋ ሥር ሳብኩት።
አልተነፈሰችም።
«ድገመው» አለች። ደገምኩት።
«ይህን ዘር እዚህ ጫካ ዘጠኝ ዓመት አላየሁም»
አለችና ሳቀች፣ «አሁንም አላየሁም።»

ስንመለስ ቁጥቋጦ ውስጥ አንድ ነገር ዘለለ፤
ቅጠሉን እንጂ ዘላዩን አላየሁት።
ልተወው ስል፣ «ጻፈው» አለች፣ «‹ያልታወቀ› ብለህ።
ያልታወቀም ይቆጠራል።»
ጻፍኩት። እርሳሱ ደንዞ ነበር፣
ተጫንኩት፤ ከሌሎቹ ይልቅ ደምቆ ወጣ።

መኪናው ውስጥ ጠየቀችኝ፦
«ያ ባለ ኩሉ፣ በእናንተ ማን ይባላል?»
ስም እንደሌለው አልነገርኳትም።
«ኩሌ» አልኳት፣ እዚያው ወልጄው።
መዝገቡን ተቀበለችኝ፣ ኅዳጉን በዳሰሳ አገኘች፣
በራሷ ፊደል ጻፈችው፤
የመጨረሻው ድምፅ ከወረቀቱ አምልጦ
ጉልበቷ ላይ አለቀ።