ጠገራ

መዶሻ አይሰማም፣ ወናፉም ተኝቷል፤
ከአጣናው ሱቅ ውስጥ ብር ያለ እሳት ይሟሟል።

ወይዘሮ አንጓች ናት፣ ከአዘዞ የመጣች፣
«የልጄ ሐብል ነሐስ ነው፣ ብር አልብሰው» ያለች፤
የእናቷን ጠገራ ከመሀረብ ፈታች።

መብራት ዛሬም ሄዷል፤ ጎንደር አራዳ ጨልሟል፤
የባጃጁ ባትሪ ከጠረጴዛው ሥር ቆሟል።
በቀዩ ሽቦ ታስሮ ጠገራው ሰጠመ፣
በጥቁሩ ሐብሉ፣ ፊት ለፊቱ ቆመ።

«ጣትሽን እንዳትነክሪ» አለኝ፣ «ውሃው መርዝ!»
እኔ አፍጥጫለሁ። ምንም አይታይም ሲጓዝ።
ግን ብሩ፣ ቅንጣት በቅንጣት እየተሸረሸረ፣
ኮረንቲ እየነዳው ማዶ ተሻገረ፣
በነሐሱ ገላ ላይ እንደ አመዳይ አደረ።

የጠገራዋ ሴት ጉንጯ ሳሳ፣ ዕንቁዋ ጠፋ፤
ሐብሉ እንደ አራስ ልጅ ነጥቶ፣ ወዝቶ፣ ፋፋ።

አጣናው መዘነ፤
ከዚያ የጎደለ
እዚህ ላይ፣ ቅንጣት ሳይቀር፣ አለ።

አንጓች ልሙጧን ብር በአውራ ጣቷ ዳበሰች፤
ዝም።
ከዚያ ሳቅ አለች፤
«እኔንም ልጄ እንዲህ ነው የጨረሰችኝ» አለች።