እጅ መስጠት

በሌሊት ስጠብቃት በቀን መጣችብኝ፣
ነጭና ጥቁሯን ለብሳ ነከሰችኝ።
ኪዮጃ ነው ነገሩ፤ ቦዩ ከደጃፌ፣
የሰርዲኑን ሣጥን ከነበረዶው አቅፌ፣
ሁለት እጄ ታስሮ፣ እያየኋት በዓይኔ፣
ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጦሟን ፈታች በኔ።

በሳምንቱ ግን አጥንቴ ተናገረ፣
ወገቤ እንደ አሮጌ መቅዘፊያ ተሰበረ፤
ከዓይኔ ጀርባ አንድ ሰው መዶሻ ይዞ ቆመ፣
ትራሴን ብገለብጥ ትራሱም ታመመ።

«ይሄ ደንጊ» አለች ዶክተር ቦስኮሎ፣
«ይዞህ ያውቃል ወይ ከዚህ ቀደም ብሎ?»
«ድሬ» አልኳት፣ «ከዚራ። ሰፈሩ በሙሉ
ተኝቶ ነበረ፣ ትልቅ ትንሽ ሳይሉ፤
በአምስተኛው ቀን ሐብሐብ በላሁና
ሥራ ገባሁ» ብዬ ሳቅሁኝ እንደ ደህና።
እሷ አልሳቀችም። ብዕሯ ቀጥ አለ።
«ሁለተኛው ከፊተኛው ሊከፋ ይችላል፤
አስፕሪን እንዳትነካ፣ ደምህን ያቀጥናል፤
ፓራሲታሞል ብቻ፣ በልክ፤ ውሃም ጠጣ፤
ደግሞ አደራ፣ ትኩሳቱ የወጣ
የመሰለህ ዕለት አብልጠህ ተጠንቀቅ፤
በር ድረስ ሸኝተኸው በር ላይ ነው የሚደበቅ።»

ከላይኛው ፎቅ ላይ ቱሊዮ ይኖራል፤
አርባ ዓመት ለመርከብ መብራት ዘርግቷል።
ጡረታ ሲወጣ ሬኪ ተምሮ፣
የቀረውን ኃይል በመዳፉ ቋጥሮ፣
በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወርዶ
መጣ።

እኔ ጠበልና መርፌ ሲጣሉ አይቻለሁ፤
በመካከላቸው ወንድም ቀብሬአለሁ።
«ቱሊዮ፣ ክኒኔን አትንካብኝ» አልኩት።
«እኔ?» አለ፣ «በሕይወቴ
የሌላ ሰው ፊውዝ ነቅዬ አላውቅም።»

እጁን ሳያስነካኝ፣ ከግንባሬ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ
አንዣበበው፤ ምጣኔውን የሚያውቅ ወፍ ይመስል።
ሞቀኝ ልበል? አልሞቀኝም።
እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ሲተነፍስ
ሦስት ሌሊት የከዳኝ እንቅልፍ
በእግር ጣቱ ቆሞ ገባ።
በየሰዓቱ ይቀሰቅሰኛል፤ «ጠጣ።»
በዓሣ ጨረታ ደረሰኝ ጀርባ
የትኩሳቴን ቁጥር በመርከበኛ ጽሕፈት ይደረድራል፤
ከቁጥሮቹ በላይ፣ ሁለቴ ተሰምሮበት፣
የሐኪሟ ቃል።
ፈውሱ የቱ ነበር? እጁ? ወይስ ብርጭቆው?
እኔ እንጃ። ሁለቱንም የያዘው አንድ ሰው ነው።

በአምስተኛው ቀን ማለዳ ትኩሳቴ ወረደ።
ሠላሳ ስድስት ከግማሽ።
ሲኞራ ኦርኔላ በመስኮት አንገቷን አስግጋ
«ቱሊዮ፣ በእጅህ ዳነ!» ብላ ለመንደሩ አወጀች።
ጆሮው ሲቀላ አየሁት፤ ኩራት ነው፣ አልፈርድበትም።
ሆዴ ላይ መዳፉን ዘረጋ፤ እኔም ሳይነካኝ አቃሰትኩ።
ትራሴ ላይ የድዴ ደም፤
ቅልጥሜ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀይ ነጠብጣብ።
ቱሊዮ መዳፉን ገልብጦ አየው፣
መብራት የጠፋበት መሣሪያ እንደሚታይ።
ደረሰኙን አነበበ። የተሰመረበትን።
«ይሄ የኔ መሥመር አይደለም» አለና
እጁን አነሣ፤ ስልኩንም አነሣ።

ሆስፒታል የነገሩኝን ቁጥር ደግሜ አልናገርም፤
ግሉኮሱ ጠብ ሲል ስቆጥር ነው የነጋው።
ዶክተር ቦስኮሎ መጥታ
በሩ ላይ እጁን ኪሱ ከቶ የቆመውን ሽማግሌ አየችና
«ግባ» አለችው፣ «ግራ እጁን መያዝ ትችላለህ፤
መርፌ ያለበትን ቀኙን ግን እንዳትነካ።»

ማን አዳነህ? ይሉኛል እዚህ ያሉት፣
የሬኪው ማኅበር ሰዎች በአንድ በኩል፣ የሚስቁባቸው በሌላው።
ሁለቱም የሚፈልጉትን መልስ ይዘው ነው የሚጠይቁኝ።
እኔም፣ ቱሊዮ እጁን ሰጠ፣ እላለሁ፤
ሰሙንም ወርቁንም ራሳቸው ይፈልጉት።

ስመለስ በመስኮቴ ቁልቁል አየሁት፦
በኦርኔላ ደጅ አጎንብሶ፣
ከአበባዋ ማሰሮ ሥር ውሃ ያቆረውን ሳህን
ሲደፋ፣ በዚያው እጁ፤
እሷም ስትቆጣው።