ሁለት ሰከንድ

«አይሆንም» አልኳት ጦይባን፣ ሒሳቡን ወረቀት ላይ ጽፌ፤
ሠላሳ ዓመት የስልክ ሽቦ ስቀጥል የኖርኩ ሰው፣ በየምሰሶው ተለጥፌ።
«ከሆጤ ሜዳ የሚነሣው መስመር አራት ሰው ቢችል ነው በውል፤
ለአምስት ሺህ ዓይን እንዴት ተብሎ በአንድ ቀጭን ክር ይታደል?»

ሳቀችብኝ። «ጋሽ ይመር፣ ማን አለ ሁሉም ከአንድ ምንጭ ይቅዳ?
ያየ ላላየ ያቀብል፤ አንድ ሰው ላይ አይከመር ዕዳ።»
በጣቴ ቆጠርኩ፦ አራት፣ አሥራ ስድስት፣ ስልሳ አራት…
በስድስተኛው እርከን አምስት ሺህ አለፈ፤ ዝም አልኩ ለጥቂት።

«ዋጋውስ?»
«በየእርከኑ ሁለት ሰከንድ መዘግየት።»
«መብራት ሲጠፋስ? ተቀብሎ የማይሰጥ ሰውስ ቢመጣ?»
«ለንፉግ ደብዛዛው ይድረሰው፤ የሰጠ ግን ጥራት አይጣ።»

ቅዳሜ ጉም ቶሳን ለብሶ፣ ሐረጎ ላይ አይሱዙ መንገድ ዘግቶ ተገትሮ፣
የኮምቦልቻ ሰው ሽቅብ መውጣት ቢያቅተው፣ ቀረ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ።
በሃያኛው ደቂቃ የአሊጋዝ ፀጉር ቤት ሶኬት ጨሰ፤
ከእሱ ሥር የተንጠለጠለ ስልሳ ስክሪን ባንዴ ጠቆረ፣ ምስሉ ፈረሰ።
«አላልኩም?» ልል አፌን ስከፍት፣
ቅሬ ሐዘንተኛ ቤት እንደሚደርስ፣ ሳይጠራ፣ ሳያወላውል፣
አንዱ አምስቱን፣ አንዷ ሦስቱን ወላጅ አልባ ወስደው
ምስሉ ተመለሰ።

ጎል ግን ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ በየቤቱ፣ በየተራ፤
ከበላይ ሰፈር «ገባ!» ሲባል፣ የእኔው አጥቂ ገና ኳስ ይገፋል በግራ።
እንዲህ ዘግይቶ የሚመጣ ደስታ አላየሁም፤
እንዲህ አስቀድሞ የተማለለትም።

ከዚያ ሁለት አገቡብን።
ፊሽካ ተነፋ። ባትሪዬ አራት በመቶ ቀረው፤
ጣቴ ማጥፊያው ላይ ነበር፣ ጥጉ ላይ ያለውን ትንሽ ቁጥር ሳየው፦
ሦስት።
ሦስት ሰው ከእኔ ሥር አለ። ስማቸውን አላውቅ። ምናልባት አንዱ የመጋዘን ዘበኛ፣
ምናልባት አንዷ የጨርቃ ጨርቅ የሌሊት ተረኛ፣
ክር እየበጠሰች፣ ባንድ ዓይኗ ሜዳውን የምታይ።

ጣቴን አነሣሁ።
ጨዋታው አልቋል፣ ግን ቁጭ ብዬ ስልኩን ያዝኩት፣ እንደሚፈስ ነገር።
እነሱ ዘንድ ኳሱ ገና በእኛ እግር ነው፤
እነሱ ዘንድ ገና አልተሸነፍንም።