ሽብልቅ

ሐሙስ ዕለት ክፍል ገብቼ ክብ ሳልኩኝ በጠመኔ፣
እምብርቱን “መሃል” ብዬ፣ ዙሪያውን “ዳር” አልኩት እኔ።
ጥሬ ዕቃ ከዳር ይሄዳል፣ ዋጋ ከመሃል ይመጣል፤
መሃሉ እየወፈረ፣ ዳሩ እየከሳ ይወጣል።
ስልሳ ተማሪ ገለበጠው፤
“ፈተና ላይ አለ ወይ?” አሉ እንጂ፣ ማን ጠየቀው።
ይታይሽ ብቻ፣ ከኋላ፣ ከመስኮቱ ጥግ ያለችው፣
እጇን አነሳችና መልሳ አወረደችው።

ቅዳሜ የጁቤ ወረድኩ፣ ጤፍ ልሸምት ከገበያ፤
አንማው ኑግ ይመዝናል፣ ከዋርካው ሥር፣ ከዚያ ወዲያ።
ስልኩን በጆሮና በትከሻው መሃል ቀርቅሮ
“እሺ… እሺ…” ይላል ብቻ፣ ግንባሩን ቋጥሮ።
ከዚያ ዞሮ ለገበሬው፣
“ኩንታሉ ላይ ሁለት መቶ ቀንሷል፣ ከጠዋቱ።”
“ማነው የቀነሰው?”
“እዚያ ናቸው።”
እዚያ የት እንደሆነ አገጩ እንኳ አላመለከተም።
“ይኸው ክቤ!” አልኩ በልቤ፤ ኩራት ቢጤ ሽው አለብኝ፤
ሰውየው ጆንያውን አቅፎ ቆሞ ሳየው ግን፣ አፈርኩኝ።

ሚዛኑ ሸፋፋ ነው። ከአንደኛው ሳህን ሥር
ሽብልቅ ገብቶለታል፤ የጥንት የማርትሬዛ ብር።
ሴትዮዋ ጉንጯ አልቋል፣ አፍንጫዋም፣ ከእጅ ብዛት፤
አገሯን ያላየ ሁሉ የገዛባት፣ የሸጠባት።
ጦር አልሰደደች፣ መድፍ አልጠመደች በኛ ሜዳ፤
በአሞሌ ተመንዝራ ገባች፣ እንደ ተጠራ እንግዳ።

“የቅድመ አያቴ ናት” አለኝ። “እዚሁ ነበር የሚነግድ።
ያኔ ሚዛን የለም። ሰው በኪሎ አይሸጥ፤
ጥርሱ ታይቶ ነው፣ ቁመቱ ታይቶ።”
“የምን ሰው?”
ቅድም ያልተነቃነቀው አገጭ
ቁልቁል ዞረ፣ ወደ አባይ፣ ወደ ማዶ።
ኑጉን በመዳፉ እየበተነ ዝም አለ።

ዳር ሲፈታ መሃል ዳር ይሆናል ይላሉ አበው።
ዳሩ መሃል ሆኖ ሲበላስ?
ለዚያ ተረቱን ማን፣ የት አኖረው?

ሰኞ ይታይሽን ጠየቅኳት፣ ስላወረደችው እጅ።
“መምህር፣ እኛ ዳር ነን ብለዋል፤
ከኛ ወዲያ ያሉትስ የማን ደጅ?”
ጠመኔ አነሳሁ። አንድ ክብ፣ በላዩ ሌላ፣ በላዩ ሌላ፤
ሰሌዳው ነጣ፤ ምንም አይነበብም ከዚያ በኋላ።

አንድ ነገር ሳልጠይቀው መጣሁ አንማውን፦
ሽብልቋ ከእህሉ ሳህን ሥር ናት፣ ወይስ ከድንጋዩ?
አይቻት ነበር እኮ፣ ቆሜ፣ በዓይኔ፤
የማን ወገን እንደሆነች ግን አላስተዋልኩም እኔ።