የፊደል ልብስ

መምህር ሀሜሶ፣ ታብሌት በፌስታል ይዘው፣
ከባጃጅ ወረዱ፤ ሱቄ በር ላይ ቆመው
«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ፣ ላብ እየጠረጉ፣
«ማንበቡ ግን አቃተኝ፤ ፊደሎቹ፣ ‹እደጉ›
ስላቸው አያድጉም።»

የመደመር ምልክቷን ነኩ፤ አንዴ፣ ደግሞ፣ አምስቴ።
ዳሩ ሰፋ፣ መስመሩ ራቀ፤
ፊደሉ ግን ያው ጉንዳን ነው፣
እዚያው ገጹ ላይ የደረቀ።
«ግራ ዓይኔን ሞራ ወስዶታል፤ ቀኙም በጭላንጭል ነው።

ደግሞ ይኸን እዪ» አሉኝ። «ቋንቋ» ብለው የጻፉት
ባዶ ሳጥን፣ «ን»፣ ባዶ ሳጥን ሆኗል፤
«ን» መሃል ላይ ብቻውን፣
ግራ ቀኙ እንደ ፈረሰበት ጐረቤት።

አውቀዋለሁ በሽታውን።
መጽሐፉን እንደ ቁም ሣጥን ከፈትኩት፤
ውስጡ ምዕራፍ አለ፣ ሥዕል አለ፣
ከሥር ደግሞ የልብስ ሰፊ ደብተር፦
ይኸን ፎንት ልበስ፣ ቁመትህ ዘጠኝ፣ ቀለምህ አመድማ፣
ማንም «እደግ» ቢልህ እንዳትሰማ።

ዘውገ ነው የሰፋው፤ ስሙን ፋይሉ ጥግ አየሁት።
ጎበዝ ልጅ ነበር፣ የአቶቴ ልጅ፤
አሁን አዳማ ገብቷል አሉ፣ የሠርግ ካርድ ያትማል።
አልፈርድበትም። ለወረቀት ነበር የለካው፤
እንደ ሙሽራ አለበሰው፣
ማታ እንዴት እንደሚወልቅ ሳያስበው።

መቀሴን አነሣሁ።
መቀየሪያው ላይ አንዲት ሳጥን አለች፤ ምልክት አደረግሁባት፦
ፎንቱ ይውለቅ፣ ቁመቱ ይውለቅ፣ ቀለሙ ይውለቅ፣
የተጫነበት ሁሉ ይውረድለት ብዬ።
የከሰዓቱ ንፋስ ከሐይቁ ተነሥቶ
መጋረጃዬን ያርገበግባል፤
ኮምፒውተሩ ያጉረመርማል፤
መብራት እንዳይሄድ ተሳልኩ።
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ
ራቁቱን ወጥቶ ተሰለፈ።

ነኩት መምህር። አደገ!
«ሀ» የሻይ ብርጭቆ አከለ፤
«ቋንቋ» ሁለቱንም ቤቱን ሠርቶ ገባ።
የመጀመሪያውን አረፍተ ነገር ጮክ ብለው አነበቡት፣
ውጭ የቆመው ባለ ባጃጅ ዞር እስኪል።

ገጽ አርባ ሰባት ላይ ዝም አሉ።
«ዱካሌስ?» አሉኝ። «ዱካሌ የት አለች?»

አልገባኝም። ቆይተው ነገሩኝ፦
ሚስታቸው የተናገረችውን
በትእምርተ ጥቅስ ማጠር አልሆነላቸውም፤
ዘንበል ባለ ፊደል ነበር ያስጻፏት፣
ስታወራ አንገቷን እንደምታዘነብለው።
ዘውገ ያንን፣ ያንን አንዱን፣ በልኳ ሰፍቶት ነበር።
እኔ ከቡቱቶው ጋር ገፈፍኩት።
አሁን እሷ ስትናገር እሳቸውን ትመስላለች፤
ባልና ሚስት በአንድ አፍ።

አሮጌውን ፋይል በግራ፣ አዲሱን በቀኝ ዘርግቼ
እየለቀምኩ መለስኩላት፦
ዓሣው ጨው በዝቶበታል።
ዣንጥላህን ያዝ፣ ታቦር ጠቁሯል።
ሀሜሶ፣ የሰው ልጅ አትምታ።
ስልሳ ሰባት ቦታ፣ በእጄ፣
ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ የኔ ብቻ እስኪቀር ማታ።

አንዷ ግን አስቸገረችኝ።
ዘውገ እዚያ ላይ መክፈቻውን ጽፎ መዝጊያውን ረስቶታል፤
ዘንበል ማለቱ ከእሷ አልፎ
እስከ አንቀጹ ጫፍ ፈሷል፦
ሐይቁ ዛሬ ድምፅ የለውም፣ ቀዝቅዟል፣ እንሂድ፣ ቆይ ትንሽ።
የቱ ጋ ነው እሷ ያበቃችው?
የቱ ጋ ነው እሳቸው የጀመሩት?

በነጋታው መጡ፤ አጎላሁላቸው።
መስመሯ ገጹን ሞላች።
ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ሦስት ጊዜ አነበቧት፤
«ቆይ ትንሽ» የምትለው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፣
አነሡ፤ እንደገና አሳረፉ።
«ነገ እነግርሻለሁ» አሉኝ፤
ሂሳቡን ከፈሉ፣ መልሱን አልጠበቁም፤
ታብሌቱን በፌስታል ጠቅልለው ወጡ።

ይኸው ሐምሌ አለፈ።
ጉርድ ፎቶ የሚፈልግ፣ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ይመጣል፤
ፋይሉን ግን አልዘጋሁትም።
መዝጊያዋን የት እንደማደርግ ሳላውቅ
ያቺ መስመር እንዳዘነበለች አለች።