ስሙ የተፋቀ

ከጣርማበር ገደል አውሮፕላን ቢወድቅ፣
ሰው ቆርቆሮውን ሲቀራመት፣ ሲናጠቅ፣
ውልብልቢቱን ለአዝብጤ ወረወሩለት ከሩቅ፤
«ማረሻ አውጣበት» — ዓይኑን እየሸሹ።

ወናፉን ነፋበት። አልቀላ አለ፣
ሳይፍም እንደ ሰም ሊቀልጥ ከጀለ፤
እንደኛ ብረት አይደለም።
መዶሻውን ጣለ። እምብርቱን ሲፈታ
ጥርሱ ከጥርስ ገጥሞ በዘይት ተኝቷል፤
ምላሱ ከሥሩ ዞረለት፣ እንደ ሰው አንገት፣ በዝግታ።

«አሃ! ዳገት ሲሆን እንዲህ፣
ሜዳ ሲሆን እንዲህ፤
ነፋሱማ ያው ነው።»

ከሥሩ የሠሪው ማኅተም፣ ግማሹ ተፍቆ፤
አውራ ጣቱን ጫነበት፣ ትንፋሹን አምቆ።

ማረሻው አልወጣም። ደብረ ሲና አኮረፈች።
ማታ ግን፣ ፍሙን አዳፍኖ፣ ምላሱን ሲያዞር
ያን የማያውቀውን ይጠይቃል፣ በምስጢር፦
«ወንድሜ፣ ባገርህ፣ ገበያ ስትወጣ
እጅህን የሚጨብጥ ነበር?»