ሚኒሞ

ሱማሌ ተራ፣ ከሐጂ ሙዘይን ሱቅ ጓሮ፣
የውሃ ፓምፕ እጠግናለሁ፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ ዘንድሮ።
ሐይቅ አላውቅም። የእኔ ውሃ በርሜል ውስጥ ነው የሚያድረው፤
ሞተር የምፈትንበት፣ ሰማያዊ፣ አፉን በመጋዝ የቆረጥነው።

ሰኞ ጠዋት አንጁሎ መጣ፤ ከጫሞ ሐይቅ ዳርቻ፣
ብሩ በማዳበሪያ ከረጢት፣ ከረጢቱ በብብቱ፣ ዓይኑ በሞተሮቹ ብቻ።
«ትንሽ ሞተር» አለ። ሐጂ ሙዘይን ሳቁ፤
«ሰው ይኼን ሁሉ መንገድ ለትንሽ? ይኸው አስራ አምስት ፈረስ፤ ይሰንጠቅልህ ሐይቁ!»

«አርባ ፈረስ አለኝ» አለ፣ «ከጀልባዬ ጭራ የታሰረ፤
መሮጥ ያውቃል እንጂ መራመድ ከማንም አልተማረ።
ነጩ ዓሣ ኩሩ ነው፤ የሚሮጥ መንጠቆ አያሳድድም፣
እንደ ታመመ ዓሣ ካልተጎተተለት ከጥልቁ ብቅ አይልም።
አርባውን ዝቅ ሳደርገው ያስለዋል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይታፈናል፣
ከፍ ሳደርገው መንጠቆዬ ውሃ ላይ እንደ ፌንጣ ይዘላል።»

ቆየት ብሎ፣ ከኪሱ ያወጣትን ሲባጎ እየቋጠረ እየፈታ፣
«ደግሞም» አለ፣ «ባለፈው ጥቅምት አርባው መሀል ሐይቅ ላይ ጸጥ አለ፤ ማታ።
እኔና የእህቴ ልጅ ምናሴ በተቀደደ ጀሪካን ስንቀዝፍ አደርን፣
ጉማሬው ከጎናችን ይተነፍሳል፤ እንዳይሰማን ሳላችንን ዋጥን።
ልጁ ዛሬ ኮብልስቶን ይጠርባል፤ ሐይቁን በሩቅ ያልፋል።»

የሐጂ ሙዘይን ሙስበሃ መሀሉ ላይ ቆመ።

ሦስት ትንንሾች ነበሩን። አንዱ፣ ሁለት ተኩል ፈረስ፣ እንደ ሕፃን የሚታቀፍ፤
«ይኼ ለኩሬ ነው» አለ፣ «የከሰዓቱን ነፋስ አያልፍ።»
ሁለተኛው ዘይት ከቤንዚን ደባልቆ የሚጠጣ፤
«ጭሱን ዓሣው ቢችለው እንኳ፣ ቀኑን ሙሉ እኔ ነኝ የምቀጣ።»
ሦስተኛው ባለ አራት ምት፣ ስድስት ፈረስ፣ ክዳኑ የተፋቀ፣
ከማን ጀልባ እንደ ወረደ ያልታወቀ።

ሲባጎውን ዘረጋ። ሁለት ቋጠሮ አላት። አንዱን ከማሰሪያው አገጠመ፣
ሌላው ከፕሮፔለሩ በላይ፣ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ።
«እግሩ ይደርሳል። ክብደቱም አንድ ደህና ነጭ ዓሣ፤
ጀልባዬ ለምዳዋለች።» በርሜሉ ላይ አሰርነው፤ ገመዱን ሳብኩ፤ በሦስተኛው ተነሳ።

«ዝቅ አርገው» አለኝ። ዝቅ አደረግሁ። «አሁንም ዝቅ።»
ብሎኗን ሩብ ዙር አዞርኩ፤ ትንፋሹ ቅጥን አለ፤ ድቅቅ።
መዳፉን ውሃው ገጽ ላይ አኖረ፤ እንደ ሐኪም፣ ዓይኑን ጨፍኖ።
«ሚኒሞው ይኼ ነው።»
«ፍጥነቱን በምን ታውቃለህ» አልኩት፣ «በርሜል ውስጥ ተገትሮ?»
«ላሳይህ» አለ።

ወጣ። ሱማሌ ተራ ላይ፣ በጋሪና በሚኒባስ መሀል፣
መራመድ ጀመረ፤ ከኋላው ክር የሚጎትት ይመስል።
ተሸካሚው «መንገድ! መንገድ!» አለ፣ አራት ጎማ በራሱ ላይ፣
ወያላው «ፒያሳ፣ ፒያሳ» ማለቱን ትቶ ሰደበው በአደባባይ።
አልፈጠነም። አልቆመም።
እስከ ተክለ ሃይማኖት መታጠፊያ ሄዶ ተመለሰ፣
ትከሻው በትንሹ ዘንበል እንዳለ፤ አንዴም ወደ ኋላ ሳያይ።

«ይኼን ያህል» አለ ሲደርስ። ላብ እንኳ አላወጣም።
ሐጂ ሙዘይን ከዋጋው ሁለት ሺህ ጣሉ፤ ማንም አልጠየቃቸውም።
በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እንደ ታማሚ አቅፎት ሄደ።

ከሰዓት የሚኒባስ ሹፌር መጣ፤
«መብራት ላይ ስቆም ይጠፋብኛል፤ ሚኒሞውን ከፍ አርግልኝ።»
ከፍ አደረግሁለት። እየጮኸ ወጣ።

ማታ በሩን ስዘጋ ሲባጎው በርሜሉ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት።
ያላየሁት ጀልባ ቁመት። አንዱን ቋጠሮ በጫማዬ ረገጥኩ፣
ሌላውን ሽቅብ ሳብኩት፤
ጉልበቴ ጋ ደረሰ።
ቆምኩ እንዲያ፣ ትንሽ፣ መብራቱን ሳላጠፋ፤
እስከ ጉልበቴ ድረስ
ሐይቅ ገብቼ።